ትኬቱ ሁለት ይሁን

ልጅ ለመጠየቅ ወይም ለሥራ ወደ ለንደን የሚያቀኑ ባልና ሚስት አሉ። ባል አርሰናልን ለዓመታት በቴሌቪዥን የተከታተለ ከሆነ፣ “አንድ ቀን እንኳ ስታዲየሙ ገብቼ ልይ” ማለቱ አይቀርም። ሚስትም “አንተ ግባ፣ እኔ ገበያ እዞራለሁ” ትላለች።

እህቴ ሆይ፣ እንዲህ ብለሽ ከመመለስሽ በፊት እስኪ አስቢበት። የባልሽን የኳስ ፍቅር እስከ ዛሬ የምታውቂው ከሳሎን በሚሰማ ጩኸት ብቻ ከሆነ፣ ደስታውን አጠገቡ ተቀምጠሽ የምታዪበት ዕድል ይህ ነው።

ወንድሜ ሆይ፣ ገንዘቡ የቤተሰብ ነውና አስቀድማችሁ ተመካከሩ። በእንግሊዝ አገር የኳስ ትኬት ያለ ፈቃድ መልሶ መሸጥ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንጀል ነው። ደጅ ላይ “ትኬት አለ” የሚልህን እለፈው፤ ትኬቱ በር ላይ አልሠራም ቢባል ገንዘቡም ቀኑም ይባክናል። ክለቡ በቅድሚያ የሚሸጠው ለአባላቱ ስለሆነ፣ ገና አገር ቤት ሳላችሁ በክለቡ በራሱ ድረ ገጽ ጀምሩ።

የጨዋታ ቀን ለቴሌቪዥን ሥርጭት ሲባል ከቅዳሜ ወደ እሑድ ወይም ሰኞ ሊዛወር ስለሚችል፣ የመመለሻ በረራችሁን አታጣብቡት። እሑድ ከዋለም የአምልኮ ሰዓታችሁን አስቀድማችሁ ወስኑ። ትኬቱ 15:00 ካለ፣ እኛ ዘጠኝ ሰዓት የምንለው ነው።

በዕለቱ ፒካዲሊ በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር አርሰናል ጣቢያ ትወርዳላችሁ። በ2006 የተከፈተው ኤምሬትስ ስታዲየም ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይይዛልና ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ ትልቅ ቦርሳም አትያዙ። በባለሜዳው ደጋፊዎች መካከል የተጋጣሚውን ማልያ መልበስ አይፈቀድም። መጠጥ ለምትሰጉ፣ ሜዳው በሚታይበት መቀመጫ ላይ አልኮል መጠጣት በ1985 በወጣ ሕግ ክልክል ነው። ጸያፍ ቃል ግን ጆሯችሁ ሊገባ ስለሚችል፣ ልጆች ከያዛችሁ ለቤተሰብ የተለየውን ቦታ ጠይቁ።

ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ባቡሩ ለመግባት ረጅም ወረፋ ይጠብቃችኋል። እህቴ፣ እዚያ ቆማችሁ ስለ ጎሉ ሲያወራሽ ስሚው፤ ቡድኑ ከተሸነፈም “ኳስ አይደል እንዴ!” ብለሽ አታቅልዪበት። ወንድሜ፣ አንተም በማግሥቱ እርሷ ገበያ ስትወጣ ከቤት አትቅር።