ዲስኩ ተርፎ ማሽኑ ሲጠፋ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ጊዜ የሌላችሁ በኋላ አንብቡት። ሰርቨር ምናምን አያገባኝም የምትሉም ብትሆኑ፣ ልጅ የምታስተምሩ ከሆነ ያገባችኋል። የልጃችሁ ማርክ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

ሰሞኑን አንድ የአይቲ ግሩፕ ውስጥ "የቨርችዋል ማሽን ኮንፊገሬሽን ቅጂ ሼርድ ስቶሬጅ ላይም ይቀመጥ" ብዬ ጻፍኩ። አንዱ ወንድም "ኮንፊግ ምን አላት? ሃያ መስመር ጽሑፍ ናት፣ በ10 ደቂቃ መልሼ እጽፋታለሁ" አለኝ። ሌላው ደግሞ "የሃይስኩል አስተማሪ በዲፕሎማ ቨርችዋላይዜሽን ሊያስተምረን ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ለሁለተኛው መልስ የለኝም፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ለመጀመሪያው ግን አለኝ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ሰርቨር አለው። ላዩ ላይ ፕሮክስሞክስ ተጭኖ 5 ቨርችዋል ማሽኖች ይሠሩበታል፤ የማርክና የትራንስክሪፕት ፕሮግራሙ፣ የልምምድ ፈተናው፣ የፋይል ማስቀመጫው፣ ሌሎችም። የማሽኖቹ ዲስክ ለብቻው ባለ ናስ ስቶሬጅ ላይ ነው። የገጠሙት ልጆች መጥተው ገጠሙ፣ በፕሮጀክተር አሳዩን፣ ሻይ ጠጣን፣ ርክክብ ተፈረመ፣ ማህተም ተመታ፣ ሄዱ።

ጥር ላይ፣ ልክ የመጀመሪያው ሴሚስተር ማርክ ገብቶ ሲያልቅ፣ መብራት በአንድ ከሰዓት አራት ጊዜ ሄዶ መጣ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል (የባትሪውን ነገር ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ አሁን ከጀመርኩ አላቆምም)። የሰርቨሩ ሲስተም ዲስክ በዚያው ቀረ። ናሱ ግን ደህና ነው። ርዕሰ መምህራችንን "አይዞዎት፣ ዳታው በሙሉ አለ" አልኳቸው። አፌን በቆረጠው!

አዲስ ዲስክ ተገዛ፣ ፕሮክስሞክስን ጫንኩ፣ ናሱን አገናኘሁ። የማሽኖቹን ዝርዝር ብከፍት ባዶ። ናሱ ውስጥ ብገባ 100፣ 101፣ 104፣ 105፣ 107 የሚሉ ፎልደሮች፣ በውስጣቸው ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸው የዲስክ ፋይሎች። ስም የለም። የትኛው ማርክ ነው? የትኛው ፈተና ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮክስሞክስ የእያንዳንዱን ማሽን ኮንፊገሬሽን፣ ማለትም ስሙን፣ ስንት ራም እንዳለው፣ ዲስኩ የት እንዳለና በምን ዓይነት ኮንትሮለር እንደተሰካ፣ የኔትወርክ ካርዱን ማክ አድራሻ፣ በባዮስ ይነሳ ወይስ በዩኢኤፍአይ፣ ይህን ሁሉ የሚያስቀምጠው ኢቲሲ ሥር ባለው ፒቪኢ በሚባል ፎልደር ነው። ይህ ፎልደር ተራ ፎልደር አይደለም፤ ሰርቨሩ ላይ ካለች አንዲት የዳታቤዝ ፋይል እየተነበበ የሚታይ ነው። ከአንድ በላይ ሰርቨር በክላስተር ከተያያዘ ቅጂው በሁሉም ላይ ይኖራል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ያውቀዋል። እንደ እኛ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ከሲስተም ዲስኩ ጋር አብሮ ይቀበራል።

"ባካፕስ?" ትሉኛላችሁ። ነበረ። በየሳምንቱ ይወሰድ ነበር፣ ኮንፊገሬሽኑም አብሮ ውስጡ ይገባ ነበር። የት ይቀመጥ ነበር? ሲጫን በራሱ በሚመጣው "ሎካል" በሚባለው ቦታ፣ ማለትም እዚያው የሞተው ዲስክ ላይ። የመለዋወጫ ቁልፉን ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን እንደመዝጋት ነው።

እንግዲህ ወደ "10 ደቂቃው" ልምጣ። 104ን አዲስ ማሽን ፈጥሬ ዲስኩን ሰካሁበት፤ የሚነሳ ዲስክ የለም አለ። ለካ በዩኢኤፍአይ የተጫነ ዊንዶውስ ነው። ያቺ ከጥቂት ሜጋባይት የማትበልጥ ሁለተኛ ዲስክ ለምን እንደተቀመጠችም የገባኝ ያኔ ነው። አስተካከልኩት፤ ሰማያዊ ስክሪን። ሲጫን በሳታ ነበር፣ እኔ ድራይቨሩ በሌለው ቨርትአይኦ ሰክቼዋለሁ። እሱንም ቀየርኩ፣ ተነሳ፣ እልል አልኩ። ግን ከመምህራን ክፍል ማንም አያገኘውም። ራውተሩ አይፒ የሚሰጠው በማክ አድራሻ ነው፣ አዲሱ ማሽን ደግሞ አዲስ ማክ ይዞ መጥቷል። የ101 ሊኑክስ የማሽን ዓይነቱን ስላሳሳትኩት የኔትወርክ ካርዱ ስም ተቀይሮ ኔትወርክ እምቢ አለ። 107 ሁለት ትልልቅ ዲስክ አለው፣ የቱ ቀድሞ እንደሚሰካ የሚያውቅ ሰው የለም። ደወልኩላቸው፤ የገጠመው ልጅ ሥራ ቀይሯል አሉኝ።

9 ቀን ፈጀብኝ። እያስተማርኩ፣ በእረፍት ሰዓትና ማታ። በዚህ መሀል አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አባቷ ሐዋሳ ተዛውሮ ትራንስክሪፕት ፈልጋ ሦስት ጊዜ መጥታ ተመልሳለች። በሦስተኛው "ቲቸር፣ ማርኬ ጠፋ እንዴ?" አለችኝ። አልጠፋም። አለ። ግን ማሳየት አልችልም። ይህንን ለ16 ዓመት ልጅ አስረዱልኝ እስቲ።

ለአንድ ራሱ ለጫነው ኡቡንቱ 10 ደቂቃው እውነት ነው፣ አልክድም። ማሽኑን የጫነው ሰውና የሚያነሳው ሰው አንድ ካልሆኑ ግን ሃያዋ መስመር ከጭንቅላት አትጻፍም፣ ትገመታለች እንጂ።

ይህ ደግሞ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ቪኤምዌር ከጥንት ጀምሮ የማሽኑን የኮንፊግ ፋይል ከዲስኩ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ሰርቨሩ ቢቃጠል ሌላ ሰርቨር ስቶሬጁን ያያል፣ ፋይሏን ሬጅስተር ታደርጋለህ፣ ማሽኑ ከነማኩ ይመጣል። ዜንሰርቨር የማሽኖቹን ሜታዳታ ስቶሬጁ ላይ በፕሮግራም እንዲያስቀምጥ ሜኑ ላይ ምርጫ አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 ብሮድኮም ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ፕሮክስሞክስ መጣ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ኮንፊጉ ከዲስኩ ጋር አለ የሚለውን የድሮ ልማድ ይዞ ነው የመጣው። እዚህ የለም!

ግሩፑ ላይ አንድ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞም ተነስቷል። "ኮንፊጉ ስቶሬጁ ላይ ካለ ሁለት ሰርቨር አንዱን ማሽን አብረው ሊያስነሱት ይችላሉ፣ ዲስኩ ይበላሻል" የሚል። ትክክል ነው፣ አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ማሽን ከጻፈ ፋይል ሲስተሙ አለቀለት። እኔ የምለው ግን ቅጂ ይቀመጥ ነው፤ ሰርቨሩ በቀጥታ ከዚያ ያንብብ አላልኩም። ቅጂ በራሱ ተነስቶ ማሽን አያስነሳም። ሰው ነው የድሮው ሰርቨር መሞቱን አረጋግጦ ወደ ቦታው የሚመልሳት።

አሁን እኛ ጋ በየሌሊቱ አንዲት አጭር ስክሪፕት ያንን ፎልደር ጠቅልላ ቀን እየጻፈች ናሱ ላይ ታስቀምጣለች። የስቶሬጁን ስም የያዘችውም ፋይል አብራ አለች፣ እሷ ከሌለች ማሽኖቹ ዲስካቸውን በስም አያገኙትም። የሚስጥር ቁልፎችም እዚያው ውስጥ ስላሉ ቅጂው ያለበትን ቦታ ተማሪም መምህርም አይከፍተውም። ናሱ ራሱ ቢሞትስ ለሚለኝ፣ ባካፑም ኮንፊጉም በሳምንት አንዴ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገለበጣል፣ ዲስኩ ሌላ ብሎክ ነው የሚያድረው። የ5ቱ ማሽኖች ኮንፊግ ደግሞ በ5 ገጽ ወረቀት ታትሞ ከማርክ ሊስቱ ጋር ካቢኔ ውስጥ አለ። ሳቁብኝ፣ ችግር የለም።

የሚያናድደኝ ግን ይህን ሁሉ ያደረግነው ጅብ ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው። ርክክቡ ላይ የወንበሩ ብዛት ሳይቀር ተቆጥሯል፤ "ይህ ሰርቨር ዛሬ ቢሞት ማሽኖቹን በባዶ ዲስክ ላይ አንሱና አሳዩን" ያለ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩም፣ እዚያው ቆሜ ሻይ ስጠጣ ነበር። የግዢ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ፣ ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ይህችን አንድ መስመር ጨምሩና ሳያሳዩአችሁ አትፈርሙ።

ስክሪፕቷን የሚፈልግ ኢንቦክስ ያድርገኝ። 8 መስመር ናት፣ በነፃ።