የማንሻው ሹካ ለዕቃ እንጂ ለሰው አልተሠራም

ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በየመሥሪያ ቤቱና በየድርጅቱ መጋዘን የንብረት ቆጠራ እንደሚደረግ የታወቀ ነው። ለዚህም ሥራ ብዙ ጊዜ የሚላኩት ከትምህርት ቤት ከወጡ ጥቂት ጊዜ የሆናቸው ወጣት ሠራተኞች ናቸው። በእንዲህ ያለው ወራት ወደ አንድ ድርጅት መጋዘን ገብተን ያየነው ነገር ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ አስገድዶናል።

ቆጣሪው ወጣት መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ በባትሪ በሚሠራ የዕቃ ማንሻ መኪና ሹካ ላይ በተቀመጠ ባዶ ፓሌት ላይ ቆሟል። ከላይኛው መደርደሪያ ያሉትን ካርቶኖች ለመቁጠር ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚይዘው አንዳች ነገር የለውም። ነጂው ከታች ሆኖ ቁልፉን ይጫናል። ኀላፊውም ከበሩ ላይ «ቶሎ በሉ፤ ዛሬ መፈረም አለበት» ይላል። በዚያን ቀን ማንም አልወደቀም። ሆኖም ያዳነው ዕድል ነው እንጂ ጥንቃቄ አልነበረም።

ይህ ስታከር የሚባለው መኪና፣ ወገብ የሚያጎብጠውን ሸክም ከጫኝና አውራጁ ትከሻ ላይ ያወረደ በመሆኑ ሊመሰገን የሚገባው የሥልጣኔ ፍሬ ነው። 1,000 ኪሎ የሚያነሣው ዓይነት በአንድ ጊዜ 10 ኩንታል ወደ ላይ ያወጣል። ይሁን እንጂ ይህን ኃይሉን ያየ ሰው ወሰን የሌለው ይመስለዋል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

የመኪናው ወሰን በገላው ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፏል። በዚያ ላይ ያለው የክብደት ቁጥር ግን ብቻውን አይነበብም፤ የጭነቱ የክብደት መካከል ከሹካው ሥር ምን ያህል ሲርቅ እንደሆነ አብሮ ተመልክቷል። ርዝመቱ 120 ሳንቲሜትር በሆነ ፓሌት ላይ ዕቃው ተስተካክሎ ቢደረደር መካከሉ 60 ሳንቲሜትር ላይ ይውላል። ያው ዕቃ ወደ ጫፍ ተገፍቶ መካከሉ 80 ሳንቲሜትር ላይ ቢውል፣ አንድ ኪሎ እንኳ ሳይጨመርበት መኪናውን የመገልበጥ ኃይሉ ይበረታል። ተማሪዎች በፊዚክስ ክፍል ኃይልን በርቀት ሲያባዙ የተማሩት ስሌት ይኸው ነው። ሹካው ከፍ ባለ ጊዜም መኪናው በቀላሉ ስለሚናወጥ፣ የሚፈቀደው ክብደት በከፍታው መጠን ሊቀንስ ይችላል። ሰሌዳው 1,000 ኪሎ ካለ፣ የዲሬክተሩ ፊርማና የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ቢታከልበትም 1,200 አይሆንም።

ሌሎቹም ደንቦች ለማስተዋል የሚያስቸግሩ አይደሉም። ጭነት ይዞ ሲኬድ ሹካው ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ይላል። ከፍ ካለው ሹካ ሥር ማንም አያልፍም። በተዳፋት ላይ መኪናው አይጠመዘዝም። በእግር እየሄደ የሚነዳ ሰው እግሩን ከጎማው ያርቃል፤ በመኪናውና በግድግዳው መካከልም ራሱን አያስገባም። በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር ፍሬኑ፣ ክላክሱ፣ ሰንሰለቱና ሹካው ይታያሉ። የአሲድ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚወጣው፣ መሙያው ነፋስ በሚያገኝ ቦታ መሆንና ከእሳትና ከሲጋራ መራቅ አለበት።

ከኀላፊዎች መካከል «ነጂው ሥራውን ያውቃል፤ አደጋም ቢደርስ ተጠያቂው እርሱ ነው» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን በዚህ አሳብ አንስማማም። ቁልፉን የሚጫነው ነጂው ቢሆንም ጥድፊያው የሚመጣው ከኀላፊው ጠረጴዛ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኞች ከሥራቸው ስለሚመጣው አደጋና ስለ መከላከያው እንዲያውቁ የማድረግን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ ሠራተኛውም የደኅንነት መመሪያውን እንዲያከብር ያዝዛል። በአሜሪካም የሥራ ደኅንነት ደንብ እንዲህ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ብቃቱ እንዲመዘን ያስገድዳል። በእኛ ዘንድ ግን የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ስላለው ብቻ ሳይሠለጥን በስታከር ላይ የሚመደብ ሰው ማየታችን ያሳዝነናል። የስታከር መሪ የሚያዞረው የኋላውን ጎማ ስለሆነ፣ ሲታጠፍ ኋላው ወደ ጎን ይወጣል፤ አውቶሞቢል ብቻ የለመደ እጅ ይህን አይጠብቅም።

ታዲያ ከላይ ያለው ዕቃ እንዴት ይቆጠር? ፓሌቱ ወርዶ መሬት ላይ ይቆጠር፤ ወይም መደገፊያ ያለው ጽኑ መሰላል ይቅረብ። ዕቃውን ወደ ሰው ማውረድ ይገባል እንጂ ሰውን ወደ ዕቃው መስቀል አይገባም። ይህ ጊዜ እንደሚወስድ አንክድም። ስለዚህ ቆጠራው በመጨረሻው ቀን ከሚጣደፍ ቀደም ብሎ ይጀመር። ቀን የሚመድበውም ኀላፊው ነውና መድኀኒቱ በእጁ ነው።

ወጣት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ዛሬ መዝገብ ይዛችሁ የምትላኩ እናንተ ነገ አዛዦች ትሆናላችሁ። በሹካው ላይ ውጡ ስትባሉ «ዕቃው ይውረድልን» ማለት እንቢተኝነት አይደለም፤ ሥራን ማወቅ ነው። አዛዥ በሆናችሁም ጊዜ ይህን ቃል ከነጂው አፍ ስትሰሙ እንደ ድፍረት አትቍጠሩበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገራችን ሰው። የፈሰሰ እህል በርግጥ ይለቀማል፤ ካርቶንም ቢሰበር ይተካል። ከማንሻው ላይ የወደቀ ልጅ ግን ለእናቱ የሚተካላት የለም።