ስንቅ የሚስት ሥራ ነው ያለው ማነው?

ዛሬ ፖለቲካ የለም። ስለ ዳቦ ቆሎ ነው የምጽፈው። ረጅም ነውና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ባለቤቴ የአሜሪካ ጦር ተጠባባቂ ናት። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ኩዌት ግዳጅ ላይ ነች። እኔ እዚህ ኮሎምቢያ ሲቲ ሁለት ልጆች ይዤ ታክሲዬን እነዳለሁ፣ በየሦስት ሳምንቱ ደግሞ ዳቦ ቆሎ ጋግሬ እልክላታለሁ። ይህን የሰሙ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ የማገኛቸው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንዱማ «ሚስትህን ዘመቻ ልከህ አንተ ሊጥ ታቦካለህ?» አለኝ። ቀልድ ነው፣ አብሬ ሳቅሁ።

ያላሳቀኝ የሌላው ወዳጄ ነገር ነው። የእሱም ሚስት ወታደር ናት፤ ከሉዊስ ማኮርድ ወደ ኮሪያ ከሄደች ሰባት ወሯ ነው። «ምን ላክህላት?» ብለው «ምን ይጎድልባታል? መንግሥት ያበላታል። ደግሞ እኔ ወንድ ነኝ፣ ምን አውቄ እልካለሁ?» አለኝ። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ካርቶን አልላከም።

እስቲ ገልብጡት። የሄደው እሱ ቢሆንና እሷ ሰባት ወር ዝም ብትል ዘመድ አዝማድ ምን ይላት ነበር? እናቱ ከአገር ቤት ደውለው መቆሚያ መቀመጫ ያሳጧት ነበር። እሱን ግን ማንም ምንም አላለውም። እኔንም ቢሆን፣ ባለቤቴ የሄደች ሰሞን ሰው ሁሉ «ማን ያበስልልሃል?» እያለ በድስት ወጥ አመላለሰልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ወጡ ጣፋጭ ነበር። ግን «ለእሷስ ማን ይሰንቅላታል?» ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም።

ስንቅን ከሴት ጋር ያያያዝነው ከድሮ ጀምሮ ነው። የዱሮ ዘማች አብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው የሚወጣው። በ1888 ወደ አድዋ ሲዘመት በሶው፣ ቆሎው፣ ድርቆሹ በሴቶች እጅ ነው የተሰናዳው። በ1969 የእናት አገር ጥሪ ታውጆ ሚሊሺያው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲሠለጥን በየቀበሌው ስንቅ ሲዘጋጅ ትልልቆቻችን ያስታውሱታል፤ ያኔም የሚቆሉትና የሚፈጩት እናቶች ነበሩ። ወንዱ ይዘምታል፣ ሴቷ ትሰንቃለች ተብሎ ነው። ይሁን። ግን አድዋ ላይ እኮ ሴቶቹ ሰንቀው ቤት አልቀሩም፣ ከእነ እንስራቸው አብረው ተጉዘዋል። ሁለቱንም ሥራ ከሠሩ ሴቶች ተወልደን እኛ አንዱ ከበደን? ዛሬ ዘማቿ እሷ ናት፣ ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። እንግዲህ ሰንቆ መላክ የማን ተራ ነው?

«እዚያ ሁሉም አለ» የምትሉኝን ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ ኩዌት ያሉት የጦር ሰፈሮች ውስጥ በርገርም ፒዛም ይሸጣል። ባለቤቴም ራበኝ ብላኝ አታውቅም። የነገረችኝ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ካርቶን ስትከፍት አንዱ ፍሬ ሽንብራ ያህላል፣ ሌላው ባቄላ ያህላል። ትልልቆቹን የቆረጠው ትንሹ ልጃችን መሆኑን ወዲያው አወቀች። እነሱን ለይታ በብርጭቆ አስቀምጣ በቀን አንድ አንድ ነው የበላቻቸው። እስቲ ይህንን ከአማዞን እዘዙልኝ።

ደግሞ ብቻዋን አትበላውም። አንድ የቴክሳስ ልጅ አብሯት ይሠራል፣ መጀመሪያ በርበሬው አስለቀሰው፤ አሁን ካርቶኑ የሚደርስበትን ቀን የሚቆጥረው እሱ ነው።

ጊዜ የለኝም የሚለውን ሰው አልጣላውም። በእኛ ሥራ ሰዓት ገንዘብ ነው፤ አንድ ማታ ዳቦ ቆሎ ስሠራ ሁለት ሦስት የኤርፖርት ጉዞ ያመልጠኛል። ግን ያው ሰው ቅዳሜ ማታ ኳስ ሲያይ ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

የእኛ ወንዶች የሚፈሩት አለማወቃቸውን ይመስለኛል። እንግዲያው ስሙ። ዱቄት፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ በርበሬ፣ ዘይትና ውሃ፤ በርበሬው ሬኒየር መንገድ ላይ ከሐበሻ ሱቅ ይገኛል። ሊጡ ጠንከር ይበል። እንደ ገመድ አድቦልቡሉና በመቀስ ቁረጡት። ኦቨኑን 350 ላይ አድርጋችሁ፣ እያገላበጣችሁ፣ ሲነከስ ቀጭ እስኪል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ቅቤ አታግቡበት፤ ጾም ሲሆን ትቸገራለች፣ በሙቀትም ሽታው ይለወጣል። ከሁሉ በላይ ሳይቀዘቅዝ አታሽጉት፣ በእንፋሎቱ ይለሰልሳል። ድፎ ዳቦ ልላክ የሚል ካለ፣ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ሰንብቶ የሚደርሰው ሻጋታው ነው። ቸኮሌትም ኩዌት ሲደርስ ሾርባ ይሆናል።

ፖስታ ቤቱ እዚሁ አላስካ መንገድ ላይ አለላችሁ። ፍላት ሬት የሚባለውን ካርቶን ውሰዱ፤ እስከ 70 ፓውንድ ድረስ ዋጋው ያው ነው፣ ትልቁ ካርቶን ደግሞ ለወታደር አድራሻ ሲሆን ይቀንሳል። አድራሻው ላይ ኤ.ፒ.ኦ. የሚል አለ። የአገሩን ስም ጨምራችሁ እንዳትጽፉ፣ ወደዚያው አገር ሲቪል ፖስታ ሊገባባችሁ ይችላል። የጉምሩክ ቅጽ ትሞላላችሁ፤ እኔ «ቅመም ያለው ኩኪስ» ብዬ ነው የምጽፈው። መጠጥ ክልክል ነው። አረቄ በሻምፑ ጠርሙስ ልላክ ያልከኝ ወዳጄ፣ የሰው ሚስት ማዕረግ ልታስገፍፍ ነው።

ኮሪያ የሚልክ ሰውማ ምን ሰበብ አለው? የቃኘው ሻለቃዎች በፈረንጆች 1951 ሄደው ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር የተዋጉበት አገር ነው። ቹንቾን ከተማ ውስጥ መታሰቢያቸው ቆሟል። ሚስትህ በዕረፍት ቀኗ ብቅ ብላ ታየው ይሆናል፤ ኪሷ ውስጥ ከቤቷ የመጣ ዳቦ ቆሎ ቢኖራት ምን ነበረበት?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የሚቀጥለውን ካርቶን እሠራለሁ። የሰባት ወሩ ወዳጄ፣ ይህን ካነበብህ መቀስ ይዘህ ና። ዱቄቱ ከእኔ ነው።