ከግጥም ጋራ የሚቆም ዲጄ

በአዲስ አበባ ግጥምን ከሙዚቃ ጋራ አሰናስሎ ማሰማት ከተለመደ ቆይቷል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በራስ ሆቴል ወር በወር ይቀርብ በነበረው ግጥም በጃዝ ላይ ከገጣሚው ኋላ የሚቆሙት መሣሪያ የያዙ ሙዚቀኞች ነበሩ። ሙዚቀኞችን ለመቅጠር አቅም የሚያንሳቸው ወጣቶች በየቡና ቤቱና በየትንሹ አዳራሽ ሲሰበሰቡ ግን የእነዚያን ሁሉ ስፍራ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ኮምፒዩተሩንና ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ የሚመጣው ዲጄ ነው። ከዚህም የተነሣ በግጥም ምሽት ዲጄ መሆን ወጣቶች የሚመኙት ሙያ ሆኗል።

ይህን የሚነቅፉ ሽማግሎች አሉ፤ ዳሩ ግን ነቀፋቸው ስፍራውን ስቷል። መሣሪያው ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ይጣል ከተባለ፥ ማተሚያውም ከባሕር ማዶ መጥቶ ዳዊት ታትሞበታል። የሚነቀፈው ሌላ ነው። ወጣቱ ዲጄ ልሁን ብሎ ሲነሣ ዘፈንን ከዘፈን ማያያዝን፥ ምትን ከምት ማስተካከልን ይማራል፤ የሚያጅበውን ግጥም ግን አስቀድሞ አያነበውም። ገጣሚው የሚለውን ከአድማጩ ጋራ እኩል በዚያች ሰዓት ይሰማዋል። በሰርግ ቤት ይህ አይጎዳም፤ ሰርገኛ የሚሻው ጭፈራ ነውና። በግጥም ላይ ግን ጉዳቱ ከባድ ነው።

የአማርኛ ግጥም ብዙውን ጊዜ ኃይሉን በአንዲት ቃል ላይ ያኖራል። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ግን ይኖራል፥ ይገኛል ማለት ይሆናል። «ገና»ም ሲላላ የጊዜ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ገጣሚው ሰሙንና ወርቁን በዚህች መጥበቅና መላላት ላይ አንጠልጥሎ ሳለ፥ ዲጄው በዚያው ቅጽበት ከበሮውን ከለቀቀበት ወርቁ ተቀበረ። አድማጩ ያጨበጭባል፤ ያጨበጨበው ግን ለምቱ እንጂ ለቃሉ አይደለም።

ለዚህ የሚመልሱት፥ የዲጄ ሙያ ከመነሻው ከቃል ጋራ የተወለደ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ታሪኩ ግን ለእነርሱ አይመሰክርም። በጃማይካ፥ በኪንግስተን ከተማ፥ ሸክላውን የሚያጫውተው ሰው ስሙ መራጭ ነው፤ ዲጄ የሚባለው በሸክላው ላይ በአንደበቱ የሚናገረው ነው። በ1962 ዓ.ም. ገደማ ዩ-ሮይ የተባለው ስሙን ያገነነው በዚሁ በአንደበቱ ነው። ከዚያችው ከተማ ወደ ኒውዮርክ የተሻገረው ክላይቭ ካምቤል፥ ዲጄ ኩል ኸርክ የሚሉት፥ በ1965 ዓ.ም. ነሐሴ 5 ቀን በብሮንክስ በእኅቱ ግብዣ ላይ ባጫወተ ጊዜ ዝናው ተነሣ። ብልሃቱም አንዱን ሸክላ በሁለት ቅጂ ይዞ፥ ዘፈኑ ተቋርጦ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበትን ስፍራ እየደጋገመ ማስረዘም ነበረ። ይህን ያደርግ ዘንድ ያ ስፍራ በሸክላው ላይ የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። የእኛ ዲጄ ከእርሱ ማሽኑን ወረሰ፤ ጥናቱን ግን አልወረሰም።

ሙዚቃ ከሌለ ሕዝብ አይመጣም የሚሉ ደግሞ ወደ ቺካጎ ይመልከቱ። በዚያች ከተማ በግሪን ሚል ቤት በ1978 ዓ.ም. ማርክ ስሚዝ ከጀመረው ምሽት የተስፋፋው የግጥም ውድድር፥ በሕጉ ለገጣሚው ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መሣሪያም የተቀዳ ሙዚቃም አይፈቅድለትም። በዚህም ሕግ ውድድሩ ከከተማ ወደ ከተማ፥ ከአገርም ወደ አገር ተሻግሯል።

ይልቁንም ምሳሌው በቅርብ አለ። በአዝማሪ ቤት እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጥ አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ ያደርጋል፤ ቃሉን ሳይሰማ መቀበል አይችልምና። በቅኔ ማኅሌትም ባለቅኔው ቤት በቤት ሲመራ ተመሪው ተቀብሎ በዜማ ያሰማል። (ማኅሌቱን ከቡና ቤት ጋራ ማስተካከል አይደለም፤ ንጽጽሩ ስለ ሥራው ጠባይ ነው።) ተመሪው ድምፀ መልካም ቢሆን እንኳ ቅኔ የማያውቅ እንደ ሆነ ቃሉን ያበላሻል፤ የባለቅኔውም ድካም ከንቱ ይሆናል። የግጥም ምሽት ዲጄም ሥራው የተመሪ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ትምህርቱ ከድምፅ ማጉያው ሳይሆን ከግጥሙ ሊጀምር ይገባል።

ገጣሚዎቹም ከበደሉ ነጻ አይደሉም። «ሆድ የሚያባባ ነገር ከኋላ አድርግልኝ» ብለው ዲጄውን የሚለምኑ አሉ። ሆድ ማባባት የግጥሙ ሥራ ነበረ፤ ያልቻለውን ለዋሽንት ድምፅ አሳልፎ ሰጠው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ሲነግር ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል፤ ስሕተቱን የሚሸሽግበት ከበሮ የለውም። በግጥም ምሽት ግን ቤት ያልመታው ስንኝ፥ ትርጓሜ ያጣው ሐረግ በሙዚቃ ተሸፍኖ ያልፋል፤ ገጣሚውም በዓመቱ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይመለሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ያጀበው ዲጄ የጠቀመው ይመስለዋል፤ የሚያርመውን ሰው ግን ነሥቶታል።

ዲጄ መሆን የሚወድ ወጣት ግጥሙን አስቀድሞ በእጁ ይቀበል፤ ገጣሚው ያለ ምንም ድምፅ ሲያነበውም አንድ ጊዜ ይስማው። ኅብረ ቃሉ ያለበትን ስፍራ በእርሳስ ያስምርበት፤ እዚያም ሲደርስ ማሽኑን ፈጽሞ ዝም ያሰኘው። ዝምታውን የሚፈራ ዲጄ ወደ ሰርግ ቤት ይመለስ፤ በዚያ እንጀራ አያጣም። አዘጋጆችም ግጥሙን ከሁለት ቀን በፊት ለዲጄው የማይሰጡ ከሆነ፥ በምሽቱ ስለ ድምፁ መብዛት ማጉረምረማቸው አግባብ አይደለም።