የእናት ቃል የምርመራው ክፍል ነው

ሕፃን የት እንዳመመው አይናገርም። የድንገተኛ ክፍል ሐኪምም ልጁን የሚያውቀው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው። ቀኑን እንዴት እንደዋለ፣ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ የምታውቀው እናቱ ናት። ስለዚህ ቃሏ የምርመራው አንድ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በድንገተኛ ክፍል ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ ሳይሆን ሕመሙ ለጠናበት ነው። በመሆኑም ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ሰውነቱን ካንዘፈዘፈው፣ ከደነዘዘ ወይም መተንፈስ ከቸገረው እናት ካርድ እስኪወጣ ሳትጠብቅ መጀመሪያ ላገኘችው ነርስ ትናገር። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ልጁ መጨረሻ መቼ እንደሸና፣ ምን መድኃኒት ስንት ጊዜ እንደወሰደ ታስረዳ። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዞ መሄድም ይጠቅማል። የባሕል መድኃኒት ቀምሶ ከሆነ «ይቆጡኛል» ብሎ መሸሸግ አይገባም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና።

ይሁን እንጂ እናት ብትናገርም አድማጭ ከሌለ ዋጋ የለውም። በእንግሊዝ አገር ማርታ ሚልስ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ2021 ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሞተች። ወላጆቿ ስጋታቸውን ቢናገሩም በቂ ትኩረት አላገኙም ነበር። የሞቷን ምክንያት የመረመሩት ባለሥልጣን በ2022 በሰጡት ውሳኔ፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቀደም ብላ ተዛውራ ቢሆን ኖሮ ልትተርፍ ትችል እንደነበር አረጋገጡ። በወላጆቿ ጥረት ከ2024 ጀምሮ በስሟ የተጠራ ደንብ በአገሪቱ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ መዋል ጀመረ። በዚህ ደንብ መሠረት ወላጅ «ልጄ ብሶበታል» ሲል ሌላ የሐኪሞች ቡድን በአስቸኳይ እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል።

ለማዳመጥ ግን የግድ ደንብ መጠበቅ አያስፈልግም። ሐኪሙ ምን እንዳገኘና ምን እንደሚያደርግ እናቲቱ በምትረዳው ቋንቋ ይንገራት፤ እርሷም የሰማችውን መልሳ ትንገረው። ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዱቄት አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ሲገባ፣ አሳስታ በአንድ ብርጭቆ ብትበጠብጠው ልጁን ይጎዳዋልና።

ወደ ቤት ከመመለሳቸው በፊትም ወላጆች ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ሕመሙ ምንድን ነው? መድኃኒቱን እንዴት እንስጠው? ምን ምልክት ብናይ ፈጥነን እንመለስ? መልሱ ካልገባቸው ደግመው ይጠይቁ። መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ ልጅን ማዳን ነው።