ሐረርን አየህ ወይስ ጅብ አይተህ ተመለስክ?

 

በእኛ በጉኑኖና በሶዶ አካባቢ ሐረርን ያየ ሰው ይከበራል። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከሶዶ አዲስ አበባ አንድ ቀን፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሌላ ቀን። ወጪውም ለአስተማሪና ለቸርቻሪ ቀላል አይደለም። እንዲህ ተደክሞ የተደረሰባት ከተማ ግን ከብዙዎቹ ጎብኚዎቻችን ዘንድ የምትቀረው በሦስት ነገር ነው፤ በጅብ፣ በአንድ ፈረንሳዊ ቤትና በግንብ ሥር በተነሡት ፎቶግራፍ። ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ይህንኑ ነው።

በቅድሚያ ስለ ጅቡ እንነጋገር። ጅብ የሚመገብበት ትርኢት የሚካሄደው ማታ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ነው። እንግዲያው ያን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ከተማዋን ገና አልገባም ማለት ነው። ጅብ ለማየትማ ከወላይታ ሐረር ድረስ ምን አስኬደ? በሐረር የሚደንቀው ከተማዋ ከአውሬው ጋር የኖረችበት ሥርዓት ነው። በግንቡ ላይ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊ ሲያነሣ ኖሯል፤ በዓሹራእም ገንፎ የሚቀርብለት ልማድ አለ። ይህን ያልጠየቀ ጎብኚ ያየው ጥርስ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። ራምቦ በንግድ ሥራ ወደ ሐረር የመጣ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነበር። ጎብኚ ተሰልፎ የሚያየውን ቤት ያሠራው ግን አንድ የህንድ ነጋዴ ነው፤ ራምቦ በዚያ ቤት ኖሯል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ልጆቻችን የዚህን ሰው ስም ይዘው ሲመለሱ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋን በግንብ ያስከበሩትን የአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድን ስም ግን አያውቁትም። ይህ አያሳዝንም?

ሦስተኛው «አራተኛዋ የእስልምና ቅድስት ከተማ» የሚለው አባባል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጓዝ ተጭኖ እንዲጎበኙ የለዩዋቸው መስጊዶች ሦስት ናቸው፤ የመካው፣ የመዲናውና አል-አቅሷ። አራተኛ የሚል መዓርግ የጎብኚ መጽሔት ማድመቂያ እንጂ ከዲናችን ምንጭ የተቀዳ አይደለም። ሐረርም ይህ ማዕረግ አያስፈልጋትም። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶች እንዳሏት፣ ከእነዚህም ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ መሆናቸውን መስክሯል። ይህ ራሱ አይበቃም?

ታዲያ ከተማዋ እንዴት ትታወቅ? መልሱ አጭር ነው፤ ነዋሪው እንደሚያውቃት። ይህም ሲባል ርካሽ ምግብ ቤት መፈለግ፣ ወይም አንዳንድ ወጣቶች እንደሚመስላቸው ጫት ይዞ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ተጋድሞ መዋል ማለት አይደለም። የአገሬውን ስንፍና ወስዶ ሥራውን የተወ ሰው አገሬውን መሰለ አይባልም።

የጀጎል ሰው ጧት ከቤቱ የሚወጣው ከተማ ሊያይ አይደለም። ሱብሒ ይሰግዳል፤ የታመመ ይጠይቃል፤ ለቤቱ ይሸምታል፤ አፎቻው፣ ማለትም እንደ እኛ ዕድር ያለው ማኅበሩ፣ በጠራው ቀን ለሠርግም ለለቅሶም ይገኛል። የትኛው ጠባብ መንገድ ወዴት እንደሚያወጣ እግሩ የለመደው ይህን ሁሉ ሲፈጽም ነው። እኔ የምለው ይህንን ነው፦ ነዋሪ ከተማውን የሚያውቀው ባለበት ግዴታ ነው። ሙስሊም እንግዳ ደግሞ ከእነዚህ ግዴታዎች አብዛኞቹን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ሰላምታ አለበት፤ ሰላት አለበት፤ ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ በንግድ እውነተኛ መሆን አለበት። ቁልፉን በኪሱ ይዞ ከበር ውጭ የሚቆመው ለምንድን ነው?

ከእግር እንጀምር። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሏት፦ አስማዲን በሪ (ሸዋ በር)፣ አሱም በሪ (ፈላና በር)፣ አርጎብ በሪ (ኤረር በር)፣ ሱቁጣት በሪ (ሰንጋ በር) እና በድሪ በሪ (ቡዳ በር)። ስድስተኛው ከጊዜ በኋላ ለመኪና የተከፈተው ነው፤ ጎብኚዎቻችን የሚያውቁትም ይህንኑ ነው። በኤረር በር በእግሩ የገባ ሰው ግን ከገጠር ምርታቸውን ተሸክመው ከሚመጡ የኦሮሞ እናቶች ጋር አብሮ ይገባል፤ ከተማና ገጠር እንዴት ተደጋግፈው እንደሚኖሩ ያለ አስረጂ ይገባዋል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወርደው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን እያንቀሳቀሱ ተደርድረው ይገኛሉ። መንገዱም «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙ የወጣለት ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ይህን ስም በጆሮው የሰማ ልጅ አይረሳውም፤ በመኪና መስኮት ያለፈው ግን መኖሩንም አያውቅም።

ቀጥሎ ሰላት ነው። የጀጎል ስፋት 48 ሄክታር ያህል ነው። በዚህች መሬት ላይ 82 መስጊድ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት! አብዛኞቹ ትንንሾች ናቸው፤ ለሰፈር ሰው የተሠሩ፣ ከቤት ደጃፍ ጥቂት እርምጃ የሚርቁ። ጎብኚዎቻችን ሁለት ሚናራ ያለውን ጃሚዕ በፎቶግራፍ ያነሡና ሰላታቸውን ሆቴል ተመልሰው አሳጥረው ይሰግዳሉ። ማሳጠሩ ለመንገደኛ የተፈቀደ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ከነዋሪ ኢማም ኋላ የቆመ መንገደኛ እንደ ነዋሪው አሟልቶ እንደሚሰግድ ኪታብ የቀራ ሁሉ ያውቃል። በዚያች ሰፍ ውስጥ እንግዳው የሰፈሩ ሰው ሆነ ማለት ነው! ከሰላምታው በኋላ «ከየት መጣህ?» የሚለው ሽማግሌ አይጠፋም። የትኛው አስጎብኚ ነው ይህን በር የሚከፍት?

ስለ ፈቃድ ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም። የሐረሪ ቤት የታወቀ ነው፤ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ሁሉም እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ቦታውን ያውቃል፤ በግድግዳው የሴቶች እጅ የሠራው ስፌት ተደርድሯል። ይህን ለማየት የተከፈተ በር ባገኙ ቁጥር አንገታቸውን የሚያስገቡ፣ እናቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሙስሊሞች አሉ። ሱረቱ-ን-ኑር ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ የሰው ቤት መግባትን የከለከለው ለጉብኝት ጊዜ አይሠራም ያለ ማን ነው? ቤቱን በሥርዓት ለማየት የሚፈልግ እንግዳ የሚቀበሉትን ቤቶች ጠይቆ፣ ሰላም ብሎ፣ የተባለውን ከፍሎ ይግባ። ከዚያም አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ ባቋቋሙት ሙዚየም ይለፍ፤ በእጅ የተጻፉ ኪታቦችን፣ የአሚሮቹን ዘመን ገንዘብ ያያል።

«ጊዜ የለንም፤ ገንዘባችን ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ችግሩን አውቀዋለሁ። ነገር ግን እኔ የምለው ገንዘብ የሚጨምር አይደለም። ሰላምታ በነፃ ነው፤ በእግር መሄድ በነፃ ነው። አምስት ቦታ ሮጦ ከማየት አንድ ሰፈር ውስጥ ከዙህር እስከ ዒሻእ መቆየት ይሻላል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. በሐረር ዐሥር ቀን ብቻ ተቀምጦ መጽሐፍ ጻፈባት ብለን እንተቻለን፤ የእኛ ሰው ግን ባደረባት ማግሥት ይፈርድባታል። «ቋንቋቸውን አናውቅም» ለሚሉም፣ በሐረር አማርኛ የሚሰማ ብዙ ነው። ሰዎቹ ከተማቸውን «ጌይ» ይሏታል፤ ከተማ ማለታቸው ነው። ይህችን አንዲት ቃል የያዘ እንግዳ በፈገግታ ይታያል።

እኛ ወላይታዎች ይህን በደል ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። ወደ አርባ ምንጭ የሚያልፈው ጎብኚ ሶዶ ላይ ምሳ ይበላል፤ ነዳጅ ይቀዳል፤ ከዚያም «ወላይታን አየሁ» ይላል። ስንሰማው ያበሽቀናል። ታዲያ በእኛ ሲሆን የሚያበሽቀንን በወንድሞቻችን ላይ ለምን እናደርገዋለን? ደግሞም ቀርበው ቢያዩ ብዙ የሚያገናኝ አለ። በእኛ ቤት ጧት የሚፈላው የቡና ቅጠል በሐረርም «ቁቲ» ተብሎ ይጠጣል። ይህን የቀመሰ የጉኑኖ ልጅ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ወላጆች ሆይ! ነገሩ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛ አካባቢ ሙስሊሙ ጥቂት ነው። ልጆቻችን እስልምና በዚህ አገር ትናንት በነጋዴ ጓዝ የገባ እንግዳ ነው ሲባል እየሰሙ ያድጋሉ፤ መልስም የላቸውም። ሐረር መልስ ናት። ከሺህ ዓመት በፊት ሱጁድ የተደረገባት፣ በራሷ ገንዘብ የተገበያየች፣ ቁርአን እየገለበጠች የጠረዘች፣ በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ አሚርነቷን ብታጣም ጎረቤትነቷንና መስጊዷን ያላጣች ከተማ ናት። ይህን መልስ ልጁ የሚያገኘው ግን ከግንብ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ከሰፍ ጎን ከቆመው ሽማግሌ፣ ከኪታቡ ጥራዝ፣ ከገበያዋ እናት አንደበት ነው። ጅብ ብቻ አሳይተን ከመለስነው የደከምንበትን መልስ እዚያው ትተነው መጣን ማለት ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉዞ የምታስቡ ቤተሰቦችና የመድረሳ ኃላፊዎች፣ ልጆቹን ከመሄዳቸው በፊት አምስቱን በሮች በስም አስጠኗቸው፤ እዚያም ስትደርሱ ከመኪና አውርዷቸው፤ በአንድ ሰፈር መስጊድ ከጀማዓ ጋር አሰግዷቸው፤ አንድ አዛውንት ሰላም ብለው አንድ ጥያቄ ጠይቀው ይመለሱ። ጅቡን ጊዜ ከተረፈ ማታ ያዩታል።

ወላሁ አዕለም።