«ኪንታሮት ነው» ከማለት በፊት

ከወለንጪቲ አዳማ ያለው ርቀት ከሠላሳ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይሁንና ሲጸዳዳ ደም ያየ ሰው ይህን አጭር መንገድ ለመጓዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። «ኪንታሮት ነው» ይባላል፤ ያፍራል፤ የባህል መድኃኒት ይሞክራል። ደሙ የመጣው ሬክተም ከሚባለው የትልቁ አንጀት መጨረሻ ክፍል፣ ከዕጢ ከሆነ ግን የሚባክነው ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

የፊዚክስ ሰዎች ሆነን በሕክምና ጉዳይ መግባታችን እንግዳ አይምሰል፤ ነገሩ የብርሃንም ጉዳይ ነውና። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ትናንሽ ሌንሶችን በአየር አራርቆ ከመደርደር ይልቅ ክፍተቱን በረጃጅም የመስታወት ዘንጎች ሞላው። የሚያልፈው ብርሃን እጅግ ጨመረ፤ ምስሉም ጠራ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ጌርሃርድ ቡስ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በፊንጢጣ በኩል አስገብቶ፣ አንጀቱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፍቶ፣ ዕጢውን አጉልቶ እያየ ቆርጦ የሚያወጣበትን ዘዴ አስተዋወቀ። ሆድ አይቀደድም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህም በተለመዱት የላፓሮስኮፒ መሣሪያዎች ይህንኑ መሥራት ተችሏል። ለእንደኛ ላለ አገር የሚቀርበው ይኸኛው ነው።

ዘዴው የሚያገለግለው ግን በጊዜ ለተደረሰበት ዕጢ ነው። ዕጢው በአንጀቱ ግድግዳ ጠልቆ ከሄደ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች የመዛመት ዕድሉ ይጨምራል፤ እነዚህ ደግሞ በዚህ መንገድ አይወጡም። ያን ጊዜ ሰፊ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ፣ ለአንዳንዱም በሆድ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ዕድሜ ልክ መጸዳዳት ይከተላል።

በእኛ አስተያየት ስለ ካሜራና ስለ ውድ መሣሪያ ግዥ ከመከራከራችን በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ጓንት ያጠለቀ ጣት ነው። ሬክተም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጣት ግማሹን ያህል ይዳስሳል። ለቀሪው አጭር ቀጥ ያለ ቱቦና ደህና መብራት ይበቃል። እርግጥ ነው፣ ከሚደሙት አብዛኞቹ ዕጢ የለባቸውም። ነገር ግን ኪንታሮትና ዕጢ በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ኪንታሮት መታየቱ ብቻ ምርመራውን አያስቀርም። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። የሚዘጋ በርና መጋረጃ፣ ለሴቶችም ሴት ባለሙያ ሲገኝ፣ ከኀፍረቱ ብዙውን ያቀሉታል። መብራቱን በሚመለከት፣ በባትሪ የሚሠራ የኤል ኢ ዲ መብራት ሠርቶ ለጤና ጣቢያ መስጠት ለፊዚክስ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ሥራ ሊሆን ይችላል።